የአሥራ አንዱ አሮጊቶች ድምፅ

ግዌን ፓርሎ ተረጋግታ የተቀመጠችበትን ቀን የሃርክሊ ከተማ ሰው አያስታውስም። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰባት። ከንቲባው ማንንም ሳያማክር፣ በአንዲት ፊርማ፣ አረጋውያኑ በየሐሙሱ የሚሰበሰቡበትን መዋያ ሊዘጋው ነዋ! ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየደበደባት በየበሩ እያንኳኳች ፊርማ ሰብስባ፣ ምክር ቤቱ ሕዝበ ውሳኔ እንዲጠራ አስገደደችው፤ ከተማው በአንድ ከንቲባ ይመራ ወይስ የምክር ቤቱ አባላት በጋራ ይወስኑ? የአባላቱ ወገን ካሸነፈ መዋያው ይተርፋል።

ተሞልቶ በፖስታ የሚመለሰው የድምፅ መስጫ ቅጽ የደረሰ ዕለት፣ መዋያው ውስጥ አሥራ አንድ አሮጊቶች ሻያቸውን ይዘው ቅጹን ከበቡት።

«ግዌን፣ እዚህ ከፊርማው አጠገብ ቀን ይጻፉ ይላል መሰለኝ። የምን ቀን ነው?» አሉ ሚስስ ሎክውድ። መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል።

«የዛሬ ነዋ! ሌላ የምን ይሆናል?» አለች ግዌን፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ። አንድ እግሯ በር ላይ ነው፤ ሌላ ሰፈር ወረቀት ልትበትን።

«ኧረ ቀስ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!» ብለው አንዷ አሮጊት ቀለዱ።

ሁሉም ሳቁባት። እሷም ስቃ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ድምፅ ሲቆጠር ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፉ። ዘጠኝ! ከንቲባውን ረገመች፣ ዝናቡን ረገመች፣ ሳይመርጡ የቀሩትን ሰነፎች በየስማቸው ረገመች። መዋያው በወሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሚስስ ሎክውድ ደብዳቤ ይዘው ደጇ መጡ።

«ድምፅዎ አልተቆጠረም ይለኛል። የልደት ቀኔን በመጻፍ ፈንታ የዕለቱን ቀን ጽፌ። ለአሥራ አንዳችንም ነው የመጣው። ጃጅተናል መቼስ፤ ልፋትሽን ገደል ከተትነው። ይቅር በይን፣ የኔ ልጅ።»

አሥራ አንዱ ቢቆጠር ያሸንፉ ነበር። ዝም ብትል ደግሞ ማንም አያውቅባትም፤ አሮጊቶቹ ያን ዕለት የመለሰችላቸውን ረስተውታል። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«እርስዎ አልተሳሳቱም፣ ሚስስ ሎክውድ። ጠይቀውኝ ነበር። ወረቀቱን ሳላይ የዛሬ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ሚስስ ሎክውድ ደብዳቤውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«እኔ መነጽሬን ረስቼ ነው» አሉ። «አንቺ ግን ዓይን ነበረሽ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ የመዋያው ቀን። አሮጊቷ ቀስ እያሉ ወደ ባዶ ቤታቸው ተመለሱ።