የሁለት ግራም ልዩነት

ዘጠነኛ ክፍል ስበትን ሳስተምር ሁሌም የማስቀድማት ቀልድ አለችኝ። "በሬ ስትገዙ ደጋ ላይ መዝኑ፤ ስትሸጡ ቆላ ሰንበቴ ገበያ አውርዳችሁ መዝኑ። ሳር ሳይቀምስ ከብዶ ታገኙታላችሁ" እላለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። ወደ መሬት እምብርት በቀረብን ቁጥር ስበቱ እንደሚበረታ፣ ጭማሪው ግን ከቁጥር እንደማይገባ የምነግራቸው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ለሚስቴ ለፋይዛ ይህን የመጨረሻውን አልነገርኳትም።

ከወለደች ጀምሮ ደጋ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ እኔ ከሚሴ አስተምራለሁ። ልጃችን ጀነት አስራ አንድ ወር ሞልቷት ጤና ኬላ ስትመዘን አምስት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነች። ፋይዛ ደውላ አለቀሰች። ላስቃት ብዬ፣ "አብሽሪ፣ ሚዛኑ ደጋ ላይ ሆኖ ነው። እዚህ ቆላ ብትመዘን ትጨምራለች" አልኳት። ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ የተባለው ለእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ከሚኒባስ ወረደች።

"ትጨምራለች ብለኸኝ የለ?" አለችኝ። የፍየሉን ወተት፣ የእናቷን ቀዝቃዛ ቤት ትታ የመጣችው በእኔ ቀልድ ነው። ቀልዴን ነበር ለማለት ወኔ አጣሁ።

የከሚሴ ሙቀት ጀነትን አልማራትም። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት፤ ወደ ነርሷ ወደ ነኢማ ይዘናት ሄድን። ነኢማ ልጅቷን ከሚንጠለጠለው ሚዛን ላይ ልታስቀምጥ ስትል ወገቧ ላይ የታሰረውን አየች። ሦስት በቆዳ የተሰፋ የሒርዝ ክታብና አንድ ቁራጭ ብረት ነው፤ ከደጋ ሲነሱ አያቷ ለመንገዱ ብለው ያሰሩላት።

"ይሄን ፍቺላት፣ እህቴ።"

"ወላሂ አይሆንም! እዚህ በሰላም ያደረሳት እሱ ነው።"

ነኢማም የአገሩ ልጅ ናት፤ አላስገደደቻትም። የሚዛኑ መርፌ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ላይ ቆመ። "ማሻአላህ፣ መቶ ግራም ጨምራለች" አለች። አልሚ ምግቡንና የተቅማጡን መድኃኒት ሰጥታ፣ ከቀነሰች ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት ብላ አስጠነቀቀችን። ፋይዛ ሚዛኑን ሳመችው።

እኔ ምሁሩ በልቤ አሰላሁ። ከደጋው እስከዚህ ቁልቁለቱ ሺህ አራት መቶ ሜትር ቢሆን፣ ለእሷ ስበት የሚጨምርላት ቢበዛ ሁለት ግራም ነው። ሁለቱን ቀነስኩ። ዘጠና ስምንቱ የጀነት የራሷ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የስበትን ሁለት ግራም የቀነስኩ ሰውዬ ወገቧ ላይ ያለውን ብረት ረሳሁ።

በነጋታው ፋይዛ ስታጥባት ሒርዙን ከነብረቱ ያዝልኝ አለችኝ። መዳፌ ላይ ሲያርፍ ከበደኝ። ክሩ ላልቷል፣ ላስጠብቀው ብዬ ዋሽቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የቤተ ሙከራው ሚዛን መቶ ስድሳ ግራም አለ። ደግሜ መዘንኩ፤ ያው ነው። ልጄ አልጨመረችም። ስድሳ ግራም ቀንሳለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የሒርዙን ክብደት ነኢማ ፊት ስናገር ፋይዛ ከእጄ ነጠቀችኝ። ጀነት ራቁቷን ተመዘነች፤ አምስት ኪሎም በቅጡ አልሞላች።

"መምህር፣ ዛሬውኑ ደሴ። እዚህ አንችላትም" አለች ነኢማ።

ሚኒባሱ ኮምቦልቻን አልፎ ዳገቱን ጀመረ። ጀነት ጭኔ ላይ ናት፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። ጭኔ ላይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፋይዛ ሒርዙን በጡጫዋ ጨብጣለች። አሁን ወደ መስኮቱ እያየች፣

"ደሴ ደጋ ነው አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እዚያ ስንደርስ ትቀንሳለች ማለት ነዋ።"

ያን ቀን በስልክ ልነግራት የሚገባኝን አሁን ነገርኳት። "ብትቀንስ ሁለት ግራም ነው፣ ፋይዛዬ። ከቁጥር አይገባም።"

ልጇን ከጭኔ አነሳቻት፤ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘቻት።

"ሁለት ግራሙንስ ከየት ታምጣው?" አለችኝ።