የጨዋው ሌባ ባርኔጣ

«አምሳለ እኮ ውሸት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር» አሉ አንዲት ሴት፣ ገና ከበሩ ወዲህ ገብተው ሳይቀመጡ።

ሚሳኤል ይህችን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማ አምስተኛ ጊዜው ነው። የሴትዮዋን ድምፅ አላወቀውም። ሦስት ፎቅ በደረጃ ስለወጡ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «እግዜር ያጥናህ ልጄ» ብለው እጁን ያዙትና ከንፈራቸውን መጠጡ። እሱም እንደ ደንቡ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ። ሴትዮዋ አለፍ ብለው ሲቀመጡ ግን «አታውቅም ነበር» ብሎ በጥርሱ መሃል ደገመው፤ መራራ ኪኒን ያላመጠ ያህል አፉ መረረው።

ቀብሩ ትናንት ነበር። ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለው ኮንዶሚኒየም ሥር የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። የቅርብ ዘመድ ደግሞ ላይ፣ ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ በተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሷል። ሚሳኤል ይህን ያወቀው ቅድም ግድግዳውን ይዞ ሲያልፍ እጁ ጨርቁን ስለነካው ነው።

ዓይነ ስውር ነው። በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደው። በዚያው ዓመት እናታቸው ለሥራ ቤይሩት ሄዱና በዚያው ጠፉ። ያሳደገችው አምሳለ ናት፤ ያኔ እሷም አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ የሕግ ባለሙያ አደረገችው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሚሳኤል ምስክር ሲዋሽ ከትንፋሹ ያውቃል» ይባልለታል። የሚያበግነውም ይኸው ነው። ከትንፋሽ ውሸት የሚለየው ሰውዬ፣ አብራው አንድ ቤት የምትኖር እህቱ ካንሰር እንዳለባት የሰማው ከሞተች በኋላ ነው።

የነገረችው ጎረቤታቸው በቀለች ናት፤ እሷም የነገረችው እያለቀሰች ነበር።

«ለሱ እንዳትነግሪ ብላ በማርያም አስምላኝ ነው» አለችው። «ምን ላድርግ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስምንት ወር ይሆናል።»

ስምንት ወር። ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሥጋዋ ሲያልቅ በቀለች አይታለች፣ የታችኛው ፎቅ ባለ ሱቅ አይቷል፣ የታክሲው ረዳት ሳይቀር አይቷል። እሱ ግን መንገድ ሲሄዱ የሚይዘው ክንዷን ነበር፤ እሷ ደግሞ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ወፍራም ሹራብ አታወልቅም ነበር። «ምነው ይሄን ያህል በረደሽ?» ሲላት «ደም ማነስ ነው» ትለዋለች። ሆዷን ሲያማት «ጨጓራ ነው» ትለዋለች። ሹራቡ ለምን እንደነበር አሁን ገባው። አጥንቷ እጁን እንዳይነካው ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር ከእንባው በፊት ንዴቱ ይመጣል፣ በሞተ ሰው መናደድ ደግሞ የሚያራግፉበት የሌለው ሸክም ነው።

የባሰው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሶፋው ላይ ከጎኑ፣ እንደ ሁልጊዜው በቀኙ በኩል ተቀምጣ ነበር። እሱ በአንድ ጆሮው ስልኩ የሚያነብለትን የክስ መዝገብ ያዳምጣል። «ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ፣ ጨጓራዬን ያዩልኛል» አለችና ጉልበቱን ሁለት ጊዜ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከልጅነቱ ጀምሮ የምታደርገው ነገር ነው። «ኧረ ቆይ አንዴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ጉልበቱን ሰበሰበ። ዝም ብላ ወጣች። ማታ ከሐኪም ቤት ደውላ «ነገ እወጣለሁ፣ እንዳትለፋ» አለችው። ዓርብም ያንኑ ደገመችለት፤ ቅዳሜ እዚያው ሞተች። ሳትሰናበተው፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስለት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ ያላቸው ሰው ገቡ።

«አታውቀኝም ሚሳኤል። ነፋስ ስልክ ቪዲዮ ቤት የነበረኝ ኤልያቄም ነኝ።»

አወቃቸው እንጂ። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ጋሽ ኤልያቄም! የሌባውን ፊልም የሰጡን!»

«እንዴት ትዝ አለህ በል!» አሉና በግራው በኩል ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

እንዴት ይረሳዋል? ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አምሳለ ከጋሽ ኤልያቄም ዘንድ አንድ የቆየ የጃፓን ካርቱን ተከራይታ መጣች። ቋንቋው ጃፓንኛ ነው፤ እሷ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች፣ ያላነበበችውን እያየች ትነግረው ጀመር። ታሪኩ የአንድ ጨዋ ሌባ ነው። ሌባው ከድሃ አይሰርቅም፣ ሰው አይገድልም፣ አንድ ነገር ሊያነሳ ሲል ደግሞ አስቀድሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ደሴት ላይ ወዳለ ግንብ ዕንቁ ሊሰርቅ ይሄድና፣ አጎቷ የቆለፈባት ልጅ ያገኛል። ዕንቁውን ትቶ የበሩን ቁልፍ ይሰርቃል።

ባርኔጣ ሲወልቅ ድምፅ የለውም። አምሳለም ሙዚቃውን በንግግር እንዳታበላሽበት ብላ፣ ሌባው ባርኔጣውን ባወለቀ ቁጥር የሚሳኤልን ጉልበት ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርግ ነበር። ያኔ ሚሳኤል ትንፋሹን ይይዛል፤ አንድ ነገር ሊሰረቅ ነው።

መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ነበር። ሌባውና ልጅቷ ከግንቡ ወርደው ባሕር ዳር ይቆማሉ። ልጅቷ አንድ ነገር ትጮኻለች። «ምን አለች?» ሲላት፣ «እራት ቀርቧል፣ ና ግባ አለችው» ትለዋለች አምሳለ። ጉልበቱ ላይ መታ መታ። «አሁን ደግሞ ለምን ያወልቃል? ምን ሊሰርቅ ነው?» «ምንም። ሰው ቤት ሲገባ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ጨዋ ነው አላልኩህም?» ከዚያ የጀልባ ሞተር ተነስቶ እየራቀ ይሄዳል። «ጀልባዋ የተሰረቀች ስለሆነች ለባለቤቷ እየመለሱለት ነው» ትላለች። ሌባውም እዚያው ቀርቶ፣ ቤት ሠርቶ ይኖራል። እናቱ የሄደችበት ልጅ፣ ማንም ጥሎ የማይሄድበት ታሪክ ደጋግሞ መስማት ቢፈልግ ምን ይገርማል?

«ሰባት ጊዜ ተከራየችው» አሉ ጋሽ ኤልያቄም። «በስምንተኛው፣ 'በቃ ውሰጂው' አልኳት። መጀመሪያ ቀን ስትመልሰው ግን ተጣልታኝ ነበር።»

«ለምን?»

«'ምን ዓይነት ጨካኝ ፊልም ነው? ልጅቷን እንዴት እዚያ ጥሏት ይሄዳል?' ብላ። እኔ የሠራሁት ይመስል!»

ነገር ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ጋሽ ኤልያቄም ሁለቱም አንድ ላይ ደረሰባቸው። የሚሳኤል ፊት ሲለዋወጥ አይተው መላጣቸውን ዳበሱ።

«ማን ነው ጥሎ የሄደው?» አለ ሚሳኤል።

«ሌባው... መጨረሻው ላይ...»

«ሌባው አልሄደም። እዚያው ነው የቀረው።»

«እንግዲህ... የቆየ ነገር ነው፣ ምናልባት ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«አልተምታታብዎትም። ቅድም እውነት ነበር የተናገሩት፣ አሁን ነው የዋሹት» አለ ሚሳኤል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ዓይን ላለው ሰው ነው መሰል፤ ለሚሳኤል ሌሊቱን ሙሉ ሲደፈርስበት አደረ። ጨጓራው ውሸት፣ ሹራቡ ውሸት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊልም እንኳ ውሸት። ከዚህች ሴት አፍ የወጣ እውነት የትኛው ነው? ለቀስተኛው ሁሉ «ውሸት አታውቅም» እያለ ሲያሞግሳት ተነስቶ ሊጮህ ይቃጣው ነበር።

በማግስቱ ሣልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በልቶ ሸኝ ሸኝ ሲል፣ ጋሽ ኤልያቄም ያመለጣቸው ነገር ከንክኗቸው ነው መሰል ተመልሰው መጡ። ሚሳኤል ድምፃቸውን እንደሰማ ብድግ አለ።

«የፊልሙ ሲዲ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ማጫወቻውም ይሠራል። ቴሌቪዥኑ ይከፈትልኝ።»

ከደብረ ብርሃን ለልቅሶው የመጡት የእናቱ እህት ተሾመች ናቸው ቀድመው የተናገሩት።

«ምን አልክ?»

«ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ ነው ያልኩት፣ እትዬ። የአንድ ፊልም መጨረሻ ልሰማ ነው።»

«በሣልስቷ? ካርቱን? አንተ ልጅ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ሰማሁ። ውሸት አታውቅም፣ ውሸት አታውቅም! እኔን ግን አሥራ ስምንት ዓመት ስትዋሸኝ ኖራለች። እናንተም እያያችሁ ዝም አላችሁ።»

«ፈርታልህ እኮ ነው የኔ ልጅ። ብታውቀው ምን ያደርግልህ ነበር?»

«እሰናበታት ነበራ!» አለ። «ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው፣ እትዬ። ደህና ሁን እንኳ ሳትለኝ።»

ሚሳኤል የእትዬ ተሾመችን ኮቴ ሰማ፤ በሩ ተዘጋ፣ ነጠላው ከቴሌቪዥኑ ላይ ተገፈፈ። «ድምፁን ዝቅ አድርጉት» አሉ። እሳቸው አላየሁም ማለት እንዲችሉ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። በቀለች ሲዲውን ከተተችው።

«አያሳምሩልኝ፣ ጋሽ ኤልያቄም» አለ ሚሳኤል። «ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሲዲው ከሁለት ቦታ ተጭሯል፤ የት የት እንደሚንተባተብ ሚሳኤል በቃሉ ያውቃል። ወደ መጨረሻው አሳለፉት። ማዕበሉ ተሰማ፣ ቫዮሊኑ ገባ።

«ባሕሩ ዳር ቆመዋል» አሉ ጋሽ ኤልያቄም። «እሱ አንድ እግሩ ጀልባው ላይ ነው።»

ልጅቷ ጮኸች።

«ምን አለች?»

«'እኔንም ይዘኸኝ ሂድ' ነው የምትለው። ከታች ተጽፏል።»

እራት ቀርቧል። ሚሳኤል ከንፈሩን ነከሰ። «እሱስ ምን አላት?»

«ምንም አላላትም። ዝም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።»

የሚሳኤል ቀኝ እጅ ሳያዘው ሄዶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ቦታው ይኸው ነው፤ ቫዮሊኑ ዝቅ ሲል፣ ማዕበሉ ብቻ ሲቀር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ ጉልበቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመትቷል።

«ይመልሱት» አለ።

ጋሽ ኤልያቄም መለሱት። ማዕበል፣ ቫዮሊን፣ ጩኸት።

«አሁን ነው የሚያወልቀው?»

«አዎ፣ አሁን።»

«ለምንድን ነው የሚያወልቀው? የሚሰርቀው ነገር አለ?»

«ምን ይሰርቃል? መሰናበቱ ነው እንጂ» አሉ ጋሽ ኤልያቄም። «ቃል ሲያጣ፣ አፉ እምቢ ሲለው በባርኔጣው ተሰናበታት።»

አፏ ነበር የዋሸው። እጇ አንድ ቀን እንኳ አልዋሸም። ሌባው ቀረ፣ ቤት ሠራ ስትለው ጣቷ ጉልበቱ ላይ «እየሄደ ነው» ይለው ነበር። ሐሙስ ዕለትም አፏ ጨጓራ ነው አለ፣ ጣቷ ደግሞ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ተሰናብታው ነበር። ጉልበቱን የሰበሰበው እሱ ነው። ይህን ሲያስብ ንዴቱ የሚያርፍበት ሰው አጣ፤ ዞሮ ራሱ ላይ ወደቀ።

«ምን ሆነ ልጁ?» አሉ እትዬ ተሾመች፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ።

«ተይው» አለቻቸው በቀለች በሹክሹክታ፤ «ተዉት» ለማለት እንኳ ትዝ አላላትም።

የጀልባዋ ሞተር ተነሳ። ሚሳኤል ድምፁ እየራቀ ሲሄድ አዳመጠ። ከዚያ አጥፎት የተቀመጠውን ቀኝ እግሩን ቀስ ብሎ ዘረጋ፤ ጉልበቱን በቀኙ በኩል ማንም ወዳልተቀመጠበት ፍራሽ አስጠግቶ፣ ሞተሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሳያንቀሳቅሰው ቆየ።