የፍሬን መሐላ

በአጎቴ ጋራዥ ውስጥ ሕግ አለ። መካኒኩ ቁልፉን ለባለመኪናው ከመመለሱ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ "ሞክሬዋለሁ፤ ፈጣሪ ምስክሬ ነው" ማለት አለበት። ደንበኛ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ መለዋወጫ በማድልበት መስኮት በኩል ሳየው ያንገሸግሸኛል። አማኝ ነኝ፤ የፈጣሪ ስም እንደ ግሪስ በየብረቱ ሲለቀለቅ ግን አልወድም።

የማይምለው ከሃዲው ብቻ ነበር። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። መኪናውን ቁልቁለቱ ድረስ ይወስድና ፍሬኑን ረግጦ ይመለሳል፤ ከዚያ "ይይዛል" ብሎ ቁልፉን ያስረክባል። ከደመወዙ በቀር እናቱን የሚጦርበት ሌላ ነገር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ፍሬን አሠርታ የወጣች አስተማሪ መኪናዋ አልቆም ብሏት ከግንብ ጋር ተላተመች። ነፍሷ ተረፈ፤ እግሯ ተሰበረ። ባሏ እየጮኸ መጣ። መኪናዋን የነኩት ሁለት ናቸው፤ ከሃዲው መብራቱን፣ ጸሎተኛው የምንለው ደግሞ ፍሬኑን። የፍሬን ሸራውን ለጸሎተኛው የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው።

"ማሉ!" አለ አጎቴ።

ጸሎተኛው ዓይኑን በጨው አጥቦ "ፍሬኑን ነክቼ ከሆነ ከነልጆቼ ልጥፋ!" አለ።

"እኔም አልነካሁም" አለ ከሃዲው።

"ማል እንጂ!"

"አልምልም ጋሼ።"

"ጋሼ፣ ሸራውን የወሰደው ጸሎተኛው ነው" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ! ሰውየው በልጆቹ ምሎ የለም እንዴ?"

ከሃዲው ቱታውን ሲያወልቅ ተከትዬው ሄድኩ።

"ለአንተ እኮ ንፋስ ነው! አንዴ ተንፍሰህ እንጀራህን ብትበላ ምን ይጎድልብሃል? እናትህስ?"

"ለእኔ ንፋስ ነው። ለዚያ ሚስቱ ለተሰበረችበት ሰውዬ ግን ንፋስ አይደለም። የማላምንበትን ጠርቼ እመነኝ ብለው አታለልኩት ማለት ነው።"

"እውነቱን እየተናገርክ?"

"እውነቱን እየተናገርኩም።"

በእሱም ደሜ ፈላ። በዚያች ቅጽበት ትዕቢተኛ መሰለኝ። ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሳስብ ደግሞ አለቀስኩ። በዚያው ቀን ተባረረ። ጸሎተኛው እጁን ዘርግቶ ፈጣሪን ሲያመሰግን፣ እኔ የማምንበት አምላክ ምነው አፉን በዘጋው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት አጎቴ "የከሃዲውን ቤት ታውቂዋለሽ? ነይ አሳይኝ" አለኝ። ይቅርታ ሊጠይቀው ነው ብዬ ልቤ ቀለል አለኝ። እንዲያውም መኪናው ውስጥ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አጫወትኩት።

ከሃዲው በሩን ከፈተ። አጎቴ ስለተባረረበት ነገር አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቁልፉን ሰጠው።

"ፍሬኑ ላላ ብሎብኛል። እስቲ ጥሩ አድርገህ እየው።"

ከሃዲው እኔን አየኝ፤ ከዚያ ክሪኩን ይዞ መኪናው ሥር ገባ። ደጃፉ ላይ ቆመን ጠበቅነው።

"ጸሎተኛው አይሠራውም ነበር?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አጎቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። "ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስበት መኪና እኮ ነው።"

"ታዲያ ወደ ሥራው ይመልሱታ!"

"አብደሻል እንዴ?" አለኝ። "የማይምልን ሰው ማን ያምናል?"