ሦስት ሰዓት እስኪሞላ

ታክሲዋ ካሜራ ከተሰቀለበት የብረት ቅስት ጥቂት መለስ ብላ ቀጥ አለች። ጠዋት ወደ መሃል ከተማ የሚገባ መኪና ሁሉ ከቅስቱ ሥር ሲያልፍ ይከፍላል፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ሙሉውን፣ ከሦስት በኋላ ግማሹን።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?»

«ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው?» አሉ አጎቷ ሞተሩን እያጠፉ። «ገንዘቤን ወድቆ አላገኘሁትም።»

«ስብሰባዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው አላልኩዎትም?»

«ዋጋውን ያወጣችው ማን ሆነችና ነው እኔን የምትቆጪው? አንቺ ቀራጭ!»

ቤተሰቡ ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት የመንገድ ዋጋ ጥናቷን ታቅፋ ማዘጋጃ ቤት የተቀጠረች ሰሞን ነው። የክፍያው ሙከራ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚባለው ደግሞ ዛሬ ነው። ቀረ ከተባለ ልፋቷን ሁሉ ውሃ በላው።

አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ኋላ አየች። የዳቦ መኪናው ቆሟል። የአሸዋ መኪናው ቆሟል። አንዱ ወንበሩን አጋድሞ ጢሙን ይላጫል። አስፋልቱን እስከ ድልድዩ ግጥም አድርገው ከያዙት መኪኖች አንድም የተበላሸ የለም፤ ሁሉም ሰዓት ነው የሚያየው። ምንም የማይከፍለው ምስኪን አውቶቡስ መሃላቸው ተሰንቅሮ ጡሩንባውን ያስጮኻል።

ደሟ ፈላ። መጨናነቁን ከመሃል ከተማ አንስታ ቅስቱ ሥር ከምራዋለች ማለት ነው።

«እኔ ወረድኩ!»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ አሁን ይሞላል እኮ!»

በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከች ሄደች። ቅስቱን ገና እንዳለፈች ከኋላዋ ሞተሮች ባንዴ ተነሡ። ሁሉም ልቅደም ባይ ሆነና እዚያው ተቆላለፈ፤ ስድብ ዘነበ። ዞራ አላየችም። እየሮጠች ታስብ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስትደርስ ሰብሳቢው መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«ነይ እስቲ፣ የሥራሽን ፍሬ እይው። ባንጀምረው ይሻል ነበር።»

«የኔው ሥራ ነው» አለች ትንፋሿ ሳይመለስ። «ዋጋው ባንዴ በግማሽ ይውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ወዲህ ይመልከቱ፤ መሃል ከተማው ውስጥ አውቶቡሶቹ እንዴት እንደሚሮጡ። አሁንም ዋጋው ይውረድ፤ ግን ባንዴ ሳይሆን በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ይህችን ለምታህል ቅናሽ ብሎ ሞተር የሚያጠፋ ይኖራል?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከቋጣሪ ሁሉ ቋጣሪውን አውቃለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ ይነዳሉ።»

ሰብሳቢው አገጫቸውን አሻሹ። «አንድ ወር። ካልሆነ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ስልኳ ነዘረ። አጎቷ ናቸው።

«ይኸው በግማሽ ዋጋ አለፍኩልሽ!»

«አሁን የት ደረሱ?»

«የት እደርሳለሁ፣ እዚሁ ቅስቱ ሥር ተቆላልፈን! ግን በግማሽ ነው!»

ስልኩን ዘጋችባቸው፤ ወንበር እንኳ ሳትስብ፣ እንደቆመች ላፕቶፗን ከፈተች።