ጎኑ አጭር፣ አናቱ ረጅም

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሁለት ነገር ሲያድግ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም ነበር፤ የሰው ፀጉርና የግቢው ሣር። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የሣር ማጨጃውን እያስጓራ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይላጨዋል። ከማሽኑ ያመለጠች ቅጠል ካየ ደግሞ ተንበርክኮ በመቀስ ይቀነጥባታል። መንገደኛው «ምንጣፍ ነው እኮ!» ሲል ይሰማና ደረቱ ይነፋል። እውነትም ምንጣፍ ነበር፤ እንደ ምንጣፍም ነፍስ ያለው ነገር ዝር አይልበትም።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። የሰፈሩ ልጅ እኩሌታው ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሷ እጅ ነው። በዚያ ዓመት ከጓሮው አጥር ሥር ዱባ ተከለች። ሐረጉ አጥሩን ተንጠላጥሎ ወጣ፣ ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ፣ አበባው ፈካ። ፍሬው ግን ገና አውራ ጣት እንዳከለ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች አንድ ቀን ቁርስ ላይ። «የስንቱን ቤት ልጅ አዋልጄ አንዲት ዱባ ታቅተኝ?»

«ውኃ አንሷት ይሆናል» አላት ባሏ።

«ውኃማ ጠግባለች። ወንዱ አበባ አለ፣ ሴቷም አለች። የጠፋው ዱቄቱን ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚያደርስ ነው። ንብ እዚህ ግቢ ስትገባ አይተህ ታውቃለህ? አዋላጅ ያለበት ቤት አማላጅ አጣ!»

ባልዬው ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሚስቱ ለካ ንብ ብትጠፋ እኔ አለሁ ብላ፣ እሱ ከመነሳቱ በፊት የጢም ብሩሹን ከሥራ ቦርሳው እያወጣች ወንዱን አበባ ትጠርገውና ሴቷን ትኮረኩራታለች። ሲበቃት ብሩሹን ሁለቴ አራግፋ ወደ ቦታው ትመልሳለች።

አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት በጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ፊሽካውን እስከ ዛሬ ከአንገቱ ስላላወለቀ ሰፈሩ «ጋሽ ፊሽካ» ይለዋል። ጢሙ እንደ በሬ ቀንድ ሽቅብ የተቀሰረ ነው፤ ከፊሽካው ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው። አንድ ቀን ጉንጩን ሊላጭ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። አስተካካዩ አረፋውን በብሩሹ ሲቀባው አረፋው ቢጫ ሆነ።

«ይኼ ሳሙና እንቁላል አለው እንዴ?» አለ ጋሽ ፊሽካ። ቀጠለና አፍንጫውን ነፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ልክ ምላጩ ጉንጩ ላይ ሲያርፍ ሱቁን የሚያናጋ ማስነጠስ አስነጠሰ።

የግራው ቀንድ ፎጣው ላይ ተጋድሟል።

«የግራው የት ሄደ?» አለ ጋሽ ፊሽካ መስታወቱ ላይ አፍጥጦ።

«ወደቀ፣ ጋሼ።»

«የቀኙስ?»

«የቀኙ ደኅና ነው፤ ምንም አልሆነም።»

«እሱ አይደል ችግሩ!»

ሁለተኛውም ወረደ። ጋሽ ፊሽካ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ወጣ።

ማታ አስተካካዩ የአበባ ዱቄት የቀረበትን ብሩሽ ይዞ ሚስቱ ፊት ተገተረ። ነገሩን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች።

«እሺ፣ ብሩሽህን አልነካም። አንተም ሣሩን አትንካ። የሚያብበውን ሁሉ ሳያብብ ትላጨዋለህ፤ ንቧ ምን ልትበላ ትምጣ? መላጣ ልትልስ?»

እሺ አለ።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጁን ይበላው ነበር። ማሽኑን ይወለውላል፣ ዘይቱን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሣሩ ግን ጉድ አፈላ። ለካ ዓመታት ሙሉ ሲላጨው የኖረው ሁሉ ሣር ብቻ አልነበረም! ነጭ የማገጥ አበባ፣ ፀሐይ የመሰለች ቢጫ አበባ፣ ጎንበስ ካላሉ የማትታይ ሰማያዊ ነገር ብቅ ብቅ አሉ። ቀጥሎ ንቦቹ፣ ቢራቢሮዎቹ፣ ስሙን የማያውቀው ጠብደል ጢንዚዛ መጣ። አንድ ጠዋት ሚስቱ ከጓሮ «አረገዘች!» ብላ ጮኸች፤ እሱም የአንዷ ወላድ ነገር መስሎት ቦርሳዋን ይዞላት ሮጠ። ዱባዋ ነበረች። ፍሬው ጡጫ አክሎ ሐረጉ ላይ ጸንቷል።

ሱቅ ግን ሌላ ወሬ ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይሉት ጀመር ደንበኞቹ። «የራሱን ግቢ እንዲህ ያንጨፈረረ ለእኛ ጭንቅላት ምን ሊሆን ነው?» አንዳንዱም ወደ ሌላ ሱቅ ኮበለለ። ጋሽ ፊሽካማ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ «ጅብ ሲወልድበት ያኔ ታየዋለህ!» ይለዋል።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ሥራ አድራ ሳትመለስ ማለዳ ማሽኑን አወጣ። ሊያስነሳው ጎንበስ ሲል ቢጫዋ አበባ ውስጥ አንዲት ንብ አየ። አልተንቀሳቀሰችም። ክንፏ ላይ ጤዛ አርፏል። የሞተች መስሎት እፍ ቢላት አንድ እግሯን አወራጭታ መልሳ ተኛች። ከጎኗም ሌላ የተኛች አለች፣ ከዚያም ወዲያ።

አስተካካዩ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ደንበኛ ቀስቅሶ አያውቅም። አንገቱን ቀና አድርጎ ይደግፈውና ጎን ጎኑን በቀስታ ያስተካክለዋል። ቆመና ግቢውን በአዲስ ዓይን አየው፣ ልክ የማያውቀው ደንበኛ ሱቁ ገብቶ እንደተቀመጠለት። ጎኑ ቢያጥር፣ አናቱ ቢተውለት?

ማሽኑን አስነሳ። ዳር ዳሩን በአጥሩ ዙሪያ አሳጠረው፤ መሀል ለመሀል ከበር እስከ ደጃፍ ጠመዝማዛ መንገድ አወጣለት፤ የቀረውን እንዳለ ተወው። መስመሩን በመቀስ ጨረሰው። ሚስቱ ደክሟት ስትገባ በሩ ላይ ቀረች።

«አንተ! አማረበት እኮ!»

«ፊቱን ዓይቼ ነው የቆረጥኩት» አላት፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት።

ያንኑ ሰሞን ደንበኞቹ «እንደ ግቢህ አድርገህ ቁረጠኝ» እያሉ ይመለሱ ጀመር። ጋሽ ፊሽካ ለሳምንት ያህል በአጥሩ ላይ ሲያጮልቅ ሰነበተና አንድ ቀን በሩን አንኳኳ።

«እኔ ምልህ…» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ማሽኑን ይዘህ ወደ እኔ ግቢ ብቅ ብትልስ? ብሩሽ ግን እንዳታመጣ።»

አሁን ሁለቱም ግቢ አንድ ዓይነት ቁርጥ ነው። ጋሽ ፊሽካ ወንበሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። እንግዳ መንገዱን ስቶ ሣሩን ሊረግጥ ሲል ፊሽካውን ይነፋና እጁን ሽቅብ ይዘረጋል።

«ቁም! ቅድሚያ ለንብ!»