መብራት የሚያጠፋው አንቀጽ

«ሌላ ሰው ቢሰርዘው ባልከፋኝ» አለች እናት፣ አንሶላውን በሁለት እጇ እንደ ዘረጋች። «ሌላው ምን አገባው፤ አላሳደገው፣ አልቀበረው። አንቺ ግን እህቱ ነሽ።»

«እማዬ፣ መሰረዝ አይደለም እያልኩሽ ነው። በሌላ ይተካል።»

«ባሏ ለሞተባትም እንደዚሁ ነው የሚሏት። በሌላ ይተካል።»

ልጅ ሳታስበው ፈገግ አለች። እናት ግን ልትቀልድ አልነበረም የተናገረችው። አንሶላውን ደረቷ ላይ ሰብስባ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነበሩ። ሬዲዮው በዜና መካከል አንድ ማስታወቂያ አንብቦ ነበር፤ የሕንጻ ሊፍቶችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አንድ የቆየ አንቀጽ ሊለውጥ ስላሰበ፣ አስተያየት ያለው ሁሉ ነገ በአዳራሹ ተገኝቶ እንዲናገርና ድምፅ እንዲሰጥ የሚል። እናት የአንቀጹን ቁጥር እንደ ልጆቿ የልደት ቀን ታውቀዋለች። ማስታወቂያውን ያስነገረው ክፍል ኃላፊ አብራት የምትኖረው ልጇ መሆኗንም ታውቃለች። አንድ ቤት እያደሩ ከሬዲዮ መስማቷ ነበር ከሁሉ የባሰባት።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ማለት ይኼ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አንቀጹ የበኩር ልጇ ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ የሊፍት ቴክኒሻን ነበር። ከቅጥነቱ የተነሣ ባልደረቦቹ «ሽቦ» ይሉት ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም። የሊፍቱ ሳጥን አናት ላይ ተንበርክኮ ሲሠራ፣ ሥራው ያለቀ የመሰለው አንድ ሰው ሞተሩን አስነሣው። በጥገና ሰዓት ኃይል ይቋረጥ የሚል ደንብ ያኔ አልነበረም። ሐዘንተኛው ከቤቷ እንደ ተበተነ፣ እናት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም ሄደች፤ በሠልስቱም። አልጮኸችም፣ ማመልከቻም አላስጻፈችም። ምን ፈልገው ነው ሲሏት፣ ሌላ ሰው እንዳይሞት ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት ትላለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ዓመቱ ሳያልቅ አንቀጹ ወጣ። ሊፍት በሚጠገንበት ሰዓት የሕንጻው ኃይል በሙሉ ይጥፋ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የሚኖሩበት ሕንጻ ሊፍት በተበላሸ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ጎረቤቶች ደረጃውን እየዳበሱ ይራገማሉ። እናት ግን የያዘችውን ሥራ ትታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ለቅሶ አይደለም፤ ጸሎትም አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ተነሥታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ነገሩን ለልጇ የገለጠችላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ በዚያች ሰዓት አንድ የማታውቀው የሰው ልጅ በደኅና ወደ ቤቱ ሊገባ እንደሆነ፣ የሚያስገባውም የሷ ልጅ እንደሆነ ይሰማታል።

«አንቀጹ አርጅቷል እማዬ» አለች ልጅ፣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ለማጠፍ እየያዘች። «ያኔ ለነበሩት ሕንጻዎች ነው የተጻፈው።»

«እኔም አርጅቻለሁ። እኔንስ በምን ልትተኪኝ ነው?»

ልጅ የያዘችውን ጫፍ ከእናቷ ጫፍ ጋር አገጣጠመች። የምታውቀውን ነገር ለእናቷ ልትነግራት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞክራ አልቻለችም፤ አሁንም አልቻለችም። አንሶላውን አጠፉት። እናት ነገ እሷም እንደምትመጣ፣ እንደማንኛውም ሰው ተመዝግባ እንደምትናገር ነግራት ወደ ጓዳ ገባች።

የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ሽበታም፣ ለጡረታ የተቃረበ ሰው ነው። ሕግ ወልዶ ሜዳ ላይ መጣል ነውር ነው ማለት ይወዳል። በየዓመቱ ከቆዩት አንቀጾች ጥቂቶቹን ያስመርጥና፣ ክፍሉ በሙሉ ከቢሮ ወጥቶ እንዴት እየኖሩ እንደሆነ እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ ማን ያከብራቸዋል፣ ማን ይሸሻቸዋል፣ ማንን ይጠቅማሉ። አንዳንዱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ ያነክሳል። ሞቶ ቀባሪ ያጣም አለ። ዘንድሮ የመብራቱ አንቀጽ ተራ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ጠርቷት፣ ይኼኛውን ሌላ ሰው ቢይዘው ምን ይመስልሻል አላት። የቤቴን ጣሪያ ጎረቤት ወጥቶ እንዲያይልኝ አልፈልግም አለችው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ከሚያመጡት ውጤት እንደሚታየው፣ እንደዚህ አንቀጽ የተከበረ አልነበረም። ግራ የገባት ግን የተጎዱት ቴክኒሻኖች ቁጥር ከዓመት ዓመት መጨመሩ ነው። ስለዚህ ከተጎዱት አንዱን ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄደች። ባልደረቦቹ «ድመት» የሚሉት ሰው ነበር። በግራ እጁ ወንበር አቀረበላት፤ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም።

«ድመት ነበር የሚሉኝ» አለ፣ ዓይኗ የት እንዳረፈ አይቶ። «አሁን ለድመትነቱም ጥፍር ጎደለኝ።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳት። ሕንጻዎቹ ድሮ አምፖል ብቻ ነበራቸው፤ አሁን የውኃ ፓምፕ አለ፣ የመድኃኒት ቤት ማቀዝቀዣ አለ። ባለቤቶቹ እነዚህ እንዳይጠፉባቸው ለብቻቸው መስመር አወጡላቸው፤ ሳይውል ሳያድር የሊፍቱም ሞተር እዚያው መስመር ላይ ገባ። የሚጠፋው መብራቱ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ጨለማ ነው፤ ጨለማ ካለ ሕጉ ተከብሯል ብሎ ይሄዳል። ቴክኒሻኑ በሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ኃይል ያልተለየውን ማሽን በዳበሳ ይሠራል። እምቢ ካለ ሌላ ይጠራል።

«ድሮ ሞተሩ ነበር የሚገድለን» አለ ድመት። «አሁን ሞተሩም ጨለማውም ሆኑ።»

አደጋው የትና መቼ እንደደረሰ ጠየቀችው። ሥሩ መድኃኒት ቤት ያለበት፣ ሰማያዊ በር ያለው ረጅሙ ሕንጻ ነው አላት፤ ቀኑንም ነገራት። ቤቷ ነበር። እሱ ይህን አያውቅም። ሰው አልደረሰልህም ወይ ብትለው፣ ጮኼ ነበር አለ፤ ግን መብራት ሲጠፋ ደረጃው ላይ ሁሉም ስለሚጮኽ የኔን ማን ይለየው።

ልጅ ያን ቀን አስታወሰችው። ከሥራ ስትገባ እናቷ ፊቷ ፈክቶ ነበር የተቀበለቻት። ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር ብላ ነበር፣ እንግዳ መጥቶ ነበር እንደሚል ሰው።

አዲሱ አንቀጽ ከዚያ በኋላ ተጻፈ። መብራቱ አይጠፋም። የሊፍቱ ኃይል ብቻ ከዋናው ማጥፊያ ይለያል፤ ማጥፊያው ላይ ቴክኒሻኑ የራሱን ጓጉንቸር ቁልፍ ያደርግበታል፤ ቁልፉም ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ከኪሱ አይወጣም። ተቆጣጣሪውም ጨለማ አይቶ አይመለስም፤ ሞተሩን ራሱ ይሞክራል። ልጅ ይህን ሁሉ በማብራሪያው ላይ አሰፈረች። የድመት አደጋ ጋ ስትደርስ ግን «በአንድ መኖሪያ ሕንጻ» ብላ አለፈችው። ዳይሬክተሩ አንብቦ ከመነጽሩ በላይ አያት።

አንሶላውን ባጠፉ በማግስቱ አዳራሹ ከተጠበቀው በላይ ሞላ። እናት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን መጣች፤ ከልጇ ጋር በአንድ ታክሲ መሄድ አልፈለገችም። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ድመት ፊት ለፊት ነበር፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም፣ አሠሪውም አዳራሹ ውስጥ ነበር።

በመጀመሪያ የተነሣው የሕንጻ ባለቤቶች ማኅበር ተወካይ ነው። ሰው ማሳቅ የሚያውቅበት፣ ድምፁ ማይክሮፎን የማይፈልግ ሰው ነበር። ጓጉንቸሩንም የሞተር ፍተሻውንም ማኅበሩ እንደማይቀበል ተናገረ። ያለው ሕግ ምን ጎደለው፣ ጨለማውን ለምደነዋል፣ እንዲያውም ወደነዋል ሲል አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ። የሟቹ እናት እዚህ ተቀምጠዋል አለ፤ ይህ አንቀጽ በሳቸው እንባ የተጻፈ ነው፣ እኛ እናከብረዋለን፣ የሚያሳዝነው የገዛ መሥሪያ ቤቱ ሊቀብረው መነሣቱ ነው። ሰዎች ዘወር ዘወር ብለው አዩአት። እናት አንገቷን ደፋች። ልጇ ከመድረኩ ስታያት፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የሞተ ልጇን በአደባባይ ያነሣላት እናት ፊት ነበር ያየችው።

«አሁን ደግሞ» አለ ተወካዩ፣ ማብራሪያውን አንሥቶ እያሳየ፣ «መብራቱ ጠፍቶ ሞተሩ በርቶ ሰው ተጎዳ ይላል። የት? በአንድ መኖሪያ ሕንጻ። አድራሻ የሌለው ሕንጻ ላም አለኝ በሰማይ ነው ጎበዝ። ወይ ይነገረን፣ ወይ ጉዳዩ ለከርሞ ይደር።»

ጭብጨባ ተሰማ። ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ማስረጃው ከተጠረጠረ ጉዳዩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። ዳይሬክተሩ ወደ ልጅ ዞረ። ድመት አሠሪውን በዓይኑ ፈልጎ አገኘው፤ ከዚያም ሊነሣ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

ልጅ ቀደመችው።

«እኔ የምኖርበት ሕንጻ ነው» አለች። «ባለፈው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ። መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ቴክኒሻኑ ጮኋል። በየቤቱ ሰው ነበረ። አልሰማነውም።»

ተወካዩ የሚስቅለት አጥቶ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ የተመዘገቡትን ስም አይቶ፣ «እናቴ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አለ። ማይክሮፎን ይዘው ሄዱላት። ተነሣች፤ ማይክሮፎኑን ግን አልተቀበለችም። ልጇን አላየችም። የምታየው የድመትን ጀርባ ነበር።

«ልጄ» አለችው ካለችበት፣ «የትኛው ፎቅ ላይ ነበርክ?»

ድመት ዞሮ አያት። የት እንደምትኖር አያውቅም።

«አራተኛው፣ እማማ።»

የእናትና ልጅ ቤት አራተኛው ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እናት የምትቀመጥበት ክፍል ግድግዳ የሊፍቱ ጉድጓድ ግድግዳ ነው። ልትናገር ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ሌሊቱን ስትለማመደው ልጇ በመኝታ ክፍሏ ግድግዳ በኩል ሰምታታለች።

«የምለው የለኝም» አለችና ተቀመጠች።

እጅ ማውጣት ላይ ሲደረስ አዲሱ አንቀጽ በሰፊ ልዩነት አለፈ። ድመት በግራ እጁ ዓይኑን ጠራረገ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ዳይሬክተሩ ውኃ ጠጣና ቀጣዩ ጉዳይ እንዲነበብ አዘዘ። የሊፍት ውስጥ የአደጋ ጥሪ ደወል ምን ያህል ርቀት መሰማት እንዳለበት የሚመለከት ነበር። የምታነበው ልጅ ናት። ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እናቷ ቦርሳዋን አነሣች። በረድፉ መካከል በጎን እየተራመደች ወጣች። ዳር የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ አሳለፋት። ልጅ ገጹን ገለበጠች። ከሰማንያ በመቶ በላይ በሆኑት ሕንጻዎች ደወሉ ከምድር ቤት አልፎ እንደማይሰማ አነበበች፤ አንዱ ድምፁ በቁጥር ይገለጽ አለ፣ ሌላው ጻፈው። በሩ ተከፈተ፣ የመተላለፊያው ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ፣ በሩም ተዘጋ።