የጋኑ እንቁራሪት

የብርጓል ዘጌ ተወልዳ፣ ዘጌ ተድራ፣ ባሏንም ዘጌ የቀበረች ሴት ናት። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የተመላለሰችበት ጫካ ሰው ረግጦት የማያውቅ መሆኑን የሰማችው ግን ከጣልያን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ዶቶሬ የሚሉት አንድ ቀጭን ነጭ በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር መጣ። ጠመንጃ አልያዘም። የያዘው መረብ፣ የብልቃጥ ሣጥንና መርስዔ ኀዘን የሚባል አስተርጓሚ ነበር። መርስዔ ኀዘን ቅኔ ጀምሮ የተወ፣ ጣልያንኛ ጀምሮ ያልተወ የጎጃም ልጅ ነው። እሱ እንዳስረዳው ዶቶሬ የሚፈልገው ዓለም አይቶት የማያውቅ አዲስ ፍጥረት ነው። የብርጓል ይህን ስትሰማ አዘነችለት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው፣ ያውም በዚያ ዕድሜው፣ ትል ሲለቅም መዋል!

ማዘኗ ግን ሦስት ቀን አልቆየም። በአራተኛው ቀን ዶቶሬ የሷ ቡና ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ተገኘ። እዚያ ችግኝ የምታጠጣበት አንድ አፉ የተሸረፈ ጋን አለ፤ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቀብራዋለች። ጋኑ ውስጥ ደግሞ እንቁራሪት አለ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያላት፣ ቀኑን ሙሉ «ቲክ፣ ቲክ» የምትል እንቁራሪት ናት። ዶቶሬ አንዷን በመዳፉ ይዞ ብድግ አለና እንባው መጣ። እውነቴን ነው፣ አለቀሰ።

የብርጓል ጋኑ የሷ መሆኑን፣ ውኃውን የምትሞላው እሷ መሆኗን፣ ቡናውን የተከሉት አማቷ መሆናቸውን አንድ በአንድ አስረዳች። መርስዔ ኀዘን ተረጎመ። ዶቶሬ ፈገግ ብሎ ብዙ ተናገረ።

«ይህ ሰው ያልነካው፣ ተፈጥሮ ራሷ ያበጀችው ቦታ ነው አሉ» አላት መርስዔ ኀዘን።

«ጋኑንም?»

«ጋኑንም።»

በማግስቱ ቡናዋ ዙሪያውን በገመድ ታጠረ። መግቢያው አጠገብ ባለው ግራር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቸነከረ፤ ገመዱን ያለፈ አርባ ጅራፍ፣ የደገመ እስር ቤት ይላል። አስካሪ የሚባሉ ሁለት የጣልያን ጥቁር ወታደሮችም መግቢያው ላይ ተቀመጡ። ይህን ሁሉ የሚያዘው ደብዳቤ ሮማ ያለ ትልቅ ሰው የፈረመበት ነው፤ ባሕር ዳር ያለው ካፒቴን እንኳ ቆሞ ነው ያነበበው ተባለ።

ኅዳር ቡና የሚቀላበት ወር ነው። ዘጌ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተገዘተ ምድር ነው፤ ማረሻ አይገባበትም፣ በሬ አይጠመድበትም። የዘጌ ሰው ጤፉ ቡናው ነው። ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ በታንኳ ባሕር ዳር ገበያ ወስዶ በእህል ይለውጣል። የየብርጓል ቡና ከረገፈ እስከ ከርሞ የምትቀምሰው የላትም። እና ያ ቀይ ፍሬ እዚያ ገመድ ውስጥ ተንዠርግጎ እያየች፣ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማች መቀመጥ አልቻለችም። ቤተ ክህነት ሄዳ አመለከተች፣ አለቃው ጸልዪ አሏት። ካፒቴኑ ዘንድ ሄደች፣ ሎሚዋን ገዝተው መለሷት።

ዶቶሬ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር! በሳምንቱ ጋኑ እየጎደለ መሆኑን አየና ደነገጠ፤ ውኃ ካልተሞላ እንቁራሪቶቹ ማለቃቸው ነው። ሰው ያልነካው ቦታ ነካኪ አስፈለገው። መርስዔ ኀዘንን ልኮ የብርጓልን ቀጠራት። በየቀኑ አንድ ቅል ውኃ ይዛ ትገባለች፣ ጋኑን ትሞላለች፣ ትወጣለች። ስትወጣ አስካሪዎቹ ነጠላዋን ያራግፋሉ፣ ጡጫዋን ያስከፍታሉ፣ አንድ ቀን አፏንም አስከፍተው አይተዋል፤ የሚፈልጉት የቡና ፍሬ ነው። ቅሉን ግን የሚያየው ሰው አልነበረም።

ይህን ያስተዋለችው በሦስተኛው ቀን ነው። በቅል የሚወጣ ቡና የትም አያደርስ፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ይዛ እየገባች እንቁራሪት ይዛ ትወጣ ጀመር። አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ሦስት። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሆኑ። እንስራ ውስጥ አስቀምጣ ጓዳዋ ውስጥ «ቲክ፣ ቲክ» ሲሉ ሰማችና፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ቤቷ ድምፅ ሲሰማበት የመጀመሪያው ነበርና፣ ትንሽ ሳሳችላቸው። ግን ቡናው ነው የሚበላው።

ቅዳሜ ወደ ገበያ ሎሚ ይዛ የወጣችው በአብዱልወሃብ ታንኳ ነው። አብዱልወሃብ ከባሕር ዳር ዳርቻ ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ደንገሉን ራሳቸው አጭደው፣ ራሳቸው አስረው፣ ራሳቸው ይቀዝፋሉ። መሐል ሐይቅ ላይ ሎሚው መጮኽ ጀመረ። ሽማግሌው መቅዘፊያውን አቆሙ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ጭነሽብኝ ነው?»

ነገረቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ መቅዘፊያውን አነሡ። ሐሳቧ እንቁራሪቱ ባሕር ዳርም ካለ የሷ ቡና ብቻውን አይያዝም የሚል ነበር። ወንዝ ውስጥ ልትለቃቸው ነበር። አብዱልወሃብ ግን ወንዝ ውስጥ ማን ያያቸዋል አሏት። ዶቶሬ የሚያድረው ካፒቴኑ ግቢ ነው፤ ካፒቴኑ ደግሞ በሲሚንቶ ያሠራው፣ ከሰዓት በኋላ ሲጋራውን እያጨሰ የሚዘፈዘፍበት ገንዳ አለው። የብርጓል ሎሚዋን የምታስረክበው በዚያ በኩል ላለው ወጥ ቤት ነው።

እሑድ እራት ላይ ከገንዳው በኩል «ቲክ፣ ቲክ» ሲል ዶቶሬ ማንኪያውን ጥሎ ተነሣ አሉ። ሰኞ የካፒቴኑ ገንዳ በገመድ ታጠረ። ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም፣ ያው አርባ ጅራፍ። ዘጌ የነበሩት ሁለቱ አስካሪዎች ተጠርተው የገዛ አለቃቸውን ከገዛ ገንዳው ይጠብቁ ጀመር። ካፒቴኑ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ የሮማው ፊርማ ግን ከሱ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ወርዶ በቅሎ በሚታጠብበት ቦታ ሲታጠብ ያዩት አብዱልወሃብ ለየብርጓል ሲያወሩላት ሳቃቸው ታንኳውን አናወጠው።

ዘጌ ያለውን ገመድ ለመፍታት ዶቶሬ ራሱ መጣ። ጋኑ ውስጥ እጁን ሰዶ ፈለገ፤ ባዶ ነው። ከዚያ የየብርጓልን ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ ሰው የሞተባት ያህል በሐዘን ተናገረ።

«እትዬ የብርጓል፣ እንዳይከፋዎ ነው የሚሉት» አለ መርስዔ ኀዘን። «የእንቁራሪቱ አገር የካፒቴኑ ገንዳ ነው። እዚህ የነበሩት ጠፍተው የመጡ ናቸው። በእርስዎ ጫካ ውስጥ አዲስ ነገር የለም፤ ተራ ጫካ ነው አሉ።»

ተራ! ደሟ ፈላ። ገመዱን ስትረግም፣ ወረቀቱን ስትረግም ከርማ፣ አሁን ይህች ቃል ከሁሉም በለጠችባት። አሥራ አንዱንም በዚህ እጄ ተሸክሜ ወሰድሁ፣ አገራቸው ይህ ነው፣ ጋኑም የእኔ ነው ልትል አፏ ላይ ደረሰ። ዞር ብላ ቡናውን አየች። ሲሶው መሬት ላይ በስብሷል፤ የቀረው ገና ዛፉ ላይ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አለች።

ጀልባው ራቅ እስኪል ቆመች። ከዚያ ቅርጫቷን ይዛ ገባችና እየተሳደበች መልቀም ጀመረች። ቅርጫቱ ሳይጋመስ ከጋኑ በኩል «ቲክ» አለ። ጎንበስ ብላ አየች። በተሸረፈው አፍ ሥር፣ ገሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ያች ቢጫ መስመር አለች፤ አሥራ ሁለተኛዋ። እሷም አላገኘቻትም፣ ዶቶሬም አላገኛት።

የብርጓል ወደ ሐይቁ ገልመጥ አለች። የሞተሩ ድምፅ ገና ይሰማል።

«ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ተራ ነን ተብለናል፤ ተራ ሁነን እንኑርበት።»

ከዚያም ቅሏን አንሥታ ጋኑን ሞላችላት።